ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ

በ2017 ክረምት እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ቡናማ ነገር ያፈሳል፤ እሱ ሲጠራ ጄሪካኑን መደቀን ነው። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት የጄሪካኑ ሥራ የኔ ነው። መብራቱም ከውሃው አይሻልም ነበር፤ አመሻሽ ላይ ይሄድና ሰው ከተኛ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ላፕቶፔን ሰክቼ ሥራ የምጀምረው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው፣ አንድ ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ጥዬ።

የካ አባዶን ለማታውቁት፦ ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ ሄዳችሁ፣ ከተማው አለቀ ስትሉ የሚጀምር የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ቢሯችን ቦሌ ነበር። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ፣ ማታ ታክሲ ሰልፍ፤ እራሴን የማገኘው ሌሊት ብቻ ነው።

ቀዩ መስመር የመጣው ሰኔ 12 ሌሊት ነው። 84 ቴስቶች ነበሩን። 83ቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ከሥሩ «የተጠበቀው 12፣ የተገኘው 11» ይላል።

አንድ ቀን ጎደለ ማለት ነው። የት እንደገባ አይታወቅም።

ዩኒት ቴስት ምን እንደሆነ ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ የምታውቁት እለፉት። አንዲት ትንሽ የኮድ ቁራጭ ትጽፋላችሁ፤ ከጎኗ ደግሞ እሷን የሚጠይቅ ሌላ ኮድ ትጽፋላችሁ። «ሁለትና ሁለት ስንት ነው?» አራት ካለች አረንጓዴ፣ ሌላ ካለች ቀይ። በቃ። በጃቫ ዓለም ይህን ሥራ ያስለመደው ጄዩኒት የሚባለው መሣሪያ ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ላይ ሆነው ነው የጻፉት። እኔ ከመገናኛ አባዶ በሚኒባስ ስሄድ ስልኬን እንኳ አላወጣም።

አፑ ለእናቶች ነበር። የሕፃኑን የልደት ቀን ይይዝና የክትባቱን ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስታውሳል፦ ስድስተኛ ሳምንት፣ አስረኛ ሳምንት፣ አስራ አራተኛ ሳምንት፣ ከዚያ ለኩፍኝ ዘጠነኛ ወርና አስራ አምስተኛ ወር። እኔ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ወሬ ነው። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ቀኖቹን እየቆጠርኩ ነበር። የተሰጠኝ ክፍል የቀን መቁጠሪያው ነው፤ «አበሻ ስለሆንክ ይገባሃል» ብለው እየሳቁ። ሁላችንም አበሻ ነን'ኮ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጳጉሜን ነው። የኛን አቆጣጠር ኮድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጳጉሜን ነው። አንዴ አምስት፣ በሉቃስ ዘመን ስድስት፤ አስራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ለፈረንጅ ኮምፒውተር እንግዳ ነው። (እንደውም ይቺን ስሙ፦ የሃርቫርዱ ማርክ ሁለት ኮምፒውተር ውስጥ የእሳት ራት ተገኝታ መዝገብ ላይ በፕላስተር የተለጠፈችው፣ ሰው ሁሉ ስለ «ባግ» ሲያወራ የሚጠቅሳት፣ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. ነው። በኛ ቁጠሩት፤ ጳጉሜ 4 ቀን 1939 ይሆናል። ያውም ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት።) ግን እኛ ያለነው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ 30 ቀን ነው፣ ሁልጊዜም 30 ነው። ጳጉሜ ነፃ ወጣች።

ቀጥሎ 1723856ን ጠረጠርኩ። ይህን ቁጥር ኮዱ ውስጥ ያለ አንዳች ማብራሪያ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት። ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ከሚባሉ ሰዎች የመጣ የታወቀ ቀመር አለ፤ ቀናትን በሙሉ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ተከታታይ ቁጥር ይቆጥርና ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይመልሳል። ያ ቁጥር የኛ ዓመተ ምሕረት ከየት እንደሚጀመር የሚያሳይ መነሻ ነው። ወረቀት አውጥቼ፣ የጄሪካኑን ክዳን ማስቀመጫ አድርጌ፣ በእጄ ሠራሁት። ልክ ነው። አንድ ቀን የሚጎድል ነገር የለውም።

ሁለተኛው ሌሊት ቀይ። ጠዋት ቢሮ ደርሼ ስከፍተው አረንጓዴ። ሦስተኛው ሌሊት ቀይ። ጠዋት አረንጓዴ። የቲማችን ኃላፊ ወንበሩን አዙሮ አየኝ።

«ወንድሜ፣ ሰርቨሩ ላይ አረንጓዴ ነው። እኔ ጋ አረንጓዴ ነው። ያንተ ማሽን ነው።»

«ሌሊት ሲሆን እኮ ነው።»

«እንግዲያው ሌሊት ተኛ።»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን ስልሳ ቀን እየቆጠረ ያለ ሰው ሳቁ ሆዱ አይደርስም። ያ ላፕቶፕ ከአጎቴ ልጅ በስንት ጊዜ ክፍያ የገዛሁት ነው፤ ባትሪው የሞተ፣ ካልተሰካ የማይነሳ። «ያንተ ማሽን ነው» ሲሉኝ «አንተ ነህ» ያሉኝ ነው የመሰለኝ።

አራተኛው ሌሊት ላይ የሞባይል ዳታ ጥቅል ገዝቼ፣ ግሬድል ያጠራቀመውን ፋይል በሙሉ አጥፍቼ እንደገና አወረድኩ። ገንዘቡን አልነግራችሁም። ውሃው መጥቶ ሁለት ጄሪካን ሞላሁ፣ ተመለስኩ፣ ቴስቱን አስነሳሁ። አረንጓዴ! ዘለልኩ። እማዬ ከመኝታ ቤት «ምን ሆንክ?» አለች፤ «ተስተካከለ» አልኳት። ሰዓቱን አላየሁም። ዛሬ ሳስበው ከዘጠኝ አልፎ ነበር። ጠዋት ቲሙ ቻት ላይ «ችግሩ የተበላሸ ፋይል ነበር» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። ማታ፣ ማለትም ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ «የተጠበቀው 17፣ የተገኘው 16»።

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት። ከቴስቱ በላይ «ኢግኖር» የምትል አንዲት ቃል ጻፍኩ፤ ይህን አትጠይቀው፣ ዝለለው ማለት ነው። ከጎኗ «በኋላ ይታይ» ብዬ አስታወሻ ጣልኩ። 83 አለፉ፣ አንድ ተዘለለ፣ ቀይ የለም። ኮዱን ላክሁ፣ ማንም ምንም አላለም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አፑ ወጣ። የሙከራ ጊዜዬንም አለፍኩ። እማዬ ቡና አፈላች።

ጎረቤታችን አራስ ነበረች። ከኛ አንድ ፎቅ በታች ነው የምትኖረው። ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ፣ ከእማዬ ጋር «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንል ገባን። ገንፎ በላን፣ ሕፃኑን አየን። እማዬ በኩራት «ልጄ የሠራውን እስቲ አሳያት» አለችኝ። ስልኳ ላይ አፑን ጫንኩላት። «ልጅዎ ስንት ቀኑ ነው?» የሚለው ገጽ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ፣ ስልኳም አምስት ፐርሰንት ላይ ስለነበር ጠፋ። «ቻርጅ ሲኖረው ራስሽ ሙዪው፣ ቀላል ነው» አልኳት።

ሞላችው። ነሐሴ 26 ማታ ስልኳ «የልጅዎ ክትባት ነገ ነው» አላት። በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ በዚያ ዝናብ ሕፃኑን ጠቅልላ፣ በባጃጅ ወርዳ፣ ታክሲ ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሲስተሯ ካርዱን አየች፤ «ነገ ነው ስድስት ሳምንት የሚሞላው፤ ክትባት የምንሰጠውም ረቡዕ ረቡዕ ነው» አለቻት።

ሲስተሯ ልክ ናት። ብዙ ቦታ ክትባት በተወሰነ ቀን የሚሆነው ያለ ነገር አይደለም፤ ለምሳሌ የቢሲጂ አንዱ ብልቃጥ ለ20 ሕፃናት የሚሆን ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ሕፃናቱን በአንድ ቀን መሰብሰብ ግድ ነው። ጎረቤታችን ግን ሙሉ ቀኗ ሄደ፣ ሕፃኑ ብርድ ገባው፣ ረቡዕ ደግሞ ያስነጥስ ስለነበር ፈርታ አልወሰደችውም። ክትባቱን ያገኘው በሳምንቱ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ደረጃው ላይ ነው፣ ሌሊት፣ ሁለታችንም ጄሪካን ይዘን።

«አፕህ ዋሸኝ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

«ቀኑን ስታስገቢ ተሳስተሽ ይሆናል።» አዎ፣ መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። ያንቺ ማሽን ነው።

«ምን እሳሳታለሁ? ስንት ቀኑ ነው አለኝ፣ ሰባት አልኩት። ሳምንቱን ደፍኖ ነበር።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞላሽው?»

«ሌሊት ነዋ። ውሃ ሲመጣ ተነስቼ፣ እያጠባሁ።»

ጄሪካኑ ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ይህ ማጋነን አይደለም፣ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረግኩት።

ወደ ቤት ወጥቼ ያቺን «ኢግኖር» የምትል ቃል ደመሰስኩ። ከዚያ ከሁለት ወር በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ የላፕቶፑን ሰዓት በእጄ እየቀየርኩ ቴስቱን አስነሳሁ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ፦ አረንጓዴ። ስድስት ሰዓት፦ ቀይ። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ፦ ቀይ። ዘጠኝ፦ አረንጓዴ።

ሦስት ሰዓት። እኛ ከግሪንዊች የምንቀድመው በሦስት ሰዓት ነው።

የተፈጠረው ይህ ነው። ስልክም ላፕቶፕም ጊዜን ውስጥ ውስጡን የሚቆጥሩት ከጃኑዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉ ሚሊሰከንዶች ነው፣ በኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ። ኮዱ ያን ቁጥር ወስዶ ለ86,400,000 ያካፍላል፤ የአንድ ቀን ሚሊሰከንድ ነው። ስንት ቀን እንዳለፈ ያገኛል፤ ግን የግሪንዊችን ቀን ነው የሚያገኘው። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ እዚያ ገና ምሽት ሦስት ሰዓት ነው፣ ገና ትናንት ነው። ቴስቱ ደግሞ ቀኑን የሚጠይቀው ላፕቶፑን ነበር፣ ላፕቶፑ የአዲስ አበባን ቀን ይነግረዋል። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሁለቱ አይስማሙም። ሰርቨሩስ? ሰርቨሩ የተስተካከለው በግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ እዚያ ኮዱም ቴስቱም አብረው ተሳስተው ይስማማሉ፤ ምንጊዜም አረንጓዴ። ቦሌ ያሉት ልጆች ደግሞ በዚያ ሰዓት ተኝተዋል። ያ ቴስት እውነቱን የሚናገረው አባዶ ውስጥ፣ በኔ ላፕቶፕ፣ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ አፉን ያዝኩት።

ሌላ ደግሞ አስቡት። ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ስልኩን የሚነካካ ማነው? አዲስ የወለደች እናት። አፑ የተሠራው ለሷ ነው፣ የሚሳሳተውም እሷ በምትነቃበት ሰዓት ነው።

ኮዱን ማስተካከሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ፈንክሽኑ ሰዓትን ከስልኩ በራሱ እንዳይቀዳ፣ ከውጭ እንዲሰጠው አደረግኩ። ጃቫ ላይ «ክሎክ» የሚባል ነገር አለ፤ ቴስት ላይ ሲሆን የቆመ ሰዓት ትሰጡታላችሁ፣ «አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ቦታው አዲስ አበባ» ትሉታላችሁ፣ ያምናል። በዚህ ቴስቱ በቀን ብታስነሱትም፣ ሰርቨር ላይ ቢነሳም ያው ነው። (ነገረ ሥራችን ሆኖ፣ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት የሰዓት ክልሎች መዝገብ ውስጥ አዲስ አበባ የናይሮቢ ቅጽል ስም ናት። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ነው፤ ቢሆንም ትንሽ ይከነክናል።)

ጠዋት ለኃላፊዬ ነገርኩት። «ኢግኖር» ያደረግኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ «እኔም'ኮ አይቼ ነው ያሳለፍኩት» አለ። ይህን ይላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ነገሩ ግን እዚህ አላለቀም። እሑድ እማዬ ቡና ስታፈላ ጉዳዩን አስረዳኋት፤ ኮድ የሚባለውን ትቼ ቀኑን ብቻ። «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቀኑ ተቀይሯል፣ አፑ ግን ገና ማክሰኞ ነው ይላል» አልኳት።

«ታዲያ ማክሰኞ ነዋ።»

«እማዬ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እኮ ረቡዕ ነው።»

«ሳይነጋ ምን ረቡዕ አለ? ማክሰኞ ሌሊት ነው።»

ሳቅሁ፣ ከዚያ መሳቄን ተውኩ። የኛ ሰዓት አንድ ብሎ የሚጀምረው ጠዋት ነው። እማዬ ቀኑ የሚቀየረው ሲነጋ ነው ትላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዋዜማውን ይዛ ከምሽት ትቆጥራለች፤ የጤና ጣቢያው ካርድ ከእኩለ ሌሊት። እንደ እማዬ የምታስብ እናት ረቡዕ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተቀምጣ፣ ሐሙስ ቀን የወለደችውን ልጅ ብትቆጥር፣ «ዛሬ ማክሰኞ» ብላ አምስት ነው የምታስገባው። እኔ ያስተካከልኩት ኮድ ደግሞ ከረቡዕ አምስት ቀንሶ ዓርብ ያደርገዋል። የተሳሳተው ኮድ ግን ሐሙስ ይላት ነበር! ለጎረቤታችን ስህተት የነበረው ለዚያች እናት ልክ ነው፤ እኔ ሳስተካክለው እሷን አሳሳትኳት። 84ቱም ቴስቶች አረንጓዴ ሆነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው። «ስንት ቀኑ ነው» ቀረ። አሁን አፑ ቀኑን ከነስሙ ያሳያል፣ «ረቡዕ፣ ሐምሌ 16» ብሎ፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» ብሎ ይጠይቃል። «አጥቢያ» የምትለዋን ቃል ያመጣችው እማዬ ናት። የዲዛይን ልጃችን ቃሏ ረጅም ናት፣ በተኑ ውስጥ አትገባም ብላ ተከራከረች፤ ፊደሉን አሳነስነው።

ለጎረቤታችን ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳት። «አንተ ምን አደረግክ? ስልኩ ነው እንጂ» አለች። አይደለም፣ ቴስት የሚባል ነገር አለ፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት፣ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰማችኝና «እንግዲያው የታክሲውን ትከፍላለህ» ብላ ሳቀች። ልጁ ደህና ነው። አስረኛ ሳምንቱ መስከረም 21 ነበር፤ አፑም ካርዱም ያን ቀን አሉ። እሷ ግን ካርዱን ነው ያየችው፣ አፑን አጥፍታዋለች።

የቀረው ቀድሞ የገባው መረጃ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ መቼ እንደተሞላ ተጽፎ ስለነበር፣ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ የተሞሉትን ብቻ አወጣሁ። ሠላሳ ሰባት ሕፃናት። በሁሉም ላይ አንድ ቀን ጨምሮ መዝጋት ይቻል ነበር፤ ግን የትኛዋ እናት እንደ ካርዱ፣ የትኛዋ እንደ እማዬ እንደቆጠረች ኮድ አያውቅም። መደወል ነው ያለው። ለሁለት ተካፈልናቸው፣ ኃላፊዬ አስራ ስምንት፣ እኔ አስራ ዘጠኝ።

ብዙዎቹ ቀላል ነበሩ። አንዷ «ዘጠኝ ወር ሙሉ የቆጠርኩትን አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብላ ዘጋችብኝ፤ ሁለተኛ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዱ አባት ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ የሕፃኗን ክብደትም ነገረኝ። አስራ ሰባተኛው ላይ ስልኩን ያነሱት አያት ናቸው።

«እናቴ፣ ልጁ የተወለደው መቼ ነበር?»

«ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ።»

«ሰዓቱስ? ከስድስት ሰዓት በፊት ነው በኋላ?»

«እሱን እንጃ ልጄ። መብራት አልነበረም፣ ማንም ሰዓት አላየም።»

የካርዱን ቀን እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ልጅቷ ጋ ነው፣ ቆይ አሉኝ። ስልኩን ሳይዘጉ አስቀመጡት። ከወዲያ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። እስክሪብቶ ይዤ እየጠበቅሁ ነበር።